ፎርማት መድኃኒት አይደለም!

«ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው!»

ላፕቶፕ ኖሯችሁ ይህቺን ቃል ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ማንም የለም። ኮምፒውተሩ ቀርፈፍ አለ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ፕሪንተር አልታዘዝ አለ? አሁንም ፎርማት። ለራስ ምታትም ለእግር ስብራትም ያችኑ አንድ ክኒን የሚያዝ ሐኪም ቢገጥማችሁ ሁለተኛ ደጁን ትረግጣላችሁ? ኮምፒውተር ሲሆን ግን ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ጉዱ የሚታየው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ዋይፋዩ የለም። ድምፁ ተዘግቷል። የስክሪኑ ፊደል ዝሆን አክሏል፤ ብርሃኑን ልቀንስ ብትሉ አይሰማም። ተመልሳችሁ ስትሄዱ አንዳንዱ ጠጋኝ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ዕቃው አርጅቷል።» እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እንዴት ተቃጠለ? የሚጠይቅ የለም። ባለቤቱ የማያስፈልገውን የዋይፋይ ዶንግል ገዝቶ ይሄዳል።

ወገን፣ የተቃጠለ ነገር የለም! የጠፋው ድራይቨር ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሹፌር ማለት ነው። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጁ ሞልቷል፤ ማርሹን የሚያውቀው ሰውዬ ግን ወርዷል። ዊንዶውስ የብዙ ዕቃዎችን ሹፌር ይዞ ይመጣል፣ የሁሉንም ግን አይደለም። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የድሮዎቹ ሹፌሮች አብረው ይጠረጋሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው የዲስኩ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጡት የ11ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸውን የሚያገናኙት ቪኤምዲ በሚባል መንገድ ነው። ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ ይህን ድራይቨር ካልያዘ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። መፍትሔው ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ ጨምሮ በመጫኛው መስኮት ማስገባት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን «ዲስክህ ሞቷል» ይላል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶ የያዘ ዲስክ በቁሙ ተለቅሶለት ይቀበራል።

«ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ምን እናድርግ?» የሚል ሰበብ አለ። አይሠራም። ኮምፒውተሩ መነሳት እስከቻለ ድረስ ከፎርማት በፊት ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ነው። ፒኤንፒዩቲል የሚባል ትእዛዝ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከውጭ የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ማኪያቶ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል።

አልፏል? ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፤ አብዛኛውን አንድሮይድ ስልክ ዊንዶውስ 10 እና 11 ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቁታል። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ከፍታችሁ መለያ ቁጥሩን እዩ። የመጀመሪያዎቹ አራት የአምራቹ፣ ቀጣዮቹ አራት የዕቃው ናቸው። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የታዋቂው ፕሮሰሰሩ ስም መሆኑ ነው። በዚያ ቁጥር ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ውስጥ፣ ወይም በላፕቶፑ ሞዴል አምራቹ ገጽ ላይ ፈልጉ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን ራቋቸው፤ ሹፌር ሲቀጥሩላችሁ ያልጠራችኋቸውን አሥር ተሳፋሪዎች አብረው ይጭናሉ።

«በዚህ ክፍያ ይሄን ሁሉ?» የሚል ጠጋኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ድካም አለው። እንግዲያው ዋጋ ጨምሩ እንጂ ሥራውን በግማሽ አትተዉት። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ወደ 11 ልቀይር የሚል ሁሉ በየሱቁ ደጅ መሰለፉ አይቀርም። የተሰላፊው ግማሽ ጤነኛ ካርዱን «ተቃጥሏል» ተብሎ ሊመለስ ነው?

እኛም ብንሆን ዝም ብለን መክፈሉን እንተው። ስታስረክቡ «ድራይቨሩን ገልብጠኸዋል?» በሉ። ስትረከቡ ዲቫይስ ማናጀርን እዚያው ባንኮኒው ላይ አስከፍቱ። ኳስ ሜዳ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ግን ቢጫ ካለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ኪስም አይከፈትም።