«በኃጢአታቸው ነው» ለምትሉ

ይፋት ላይ ክፉ ነገር በደረሰ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልእክት ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። አንደኛው «እግዚአብሔር ታማኝ ነው፣ ያመነ ክፉ አይነካውም፣ አሜን በሉ» ይላል። ሁለተኛው «ይህ ሁሉ በኃጢአታችን የመጣ ነው» ይላል፤ «በኃጢአታችን» ሲል ግን የእነሱን ማለቱ ነው። ሁለቱንም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ጥይት የማይሰማበት ከተማ የተቀመጠ ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ሁለቱም የእግዚአብሔርን ታማኝነት ያቃልላሉ እላለሁ። ምክንያቴን ስሙኝ።

አጣዬ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ ተመትታለች፤ በሚያዝያ 2013 ብዙ ቤት ነደደባት። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 በጦርነቱ ተያዘች፣ በዚያው ወር ተመለሰች። በጥር 2015 ጀውሃና አጣዬ እንደገና ደም ፈሰሰባቸው። ከዚያ ክረምት ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የደሴው መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ እማሳ ላይ ይበሰብሳል። እስቲ ንገሩኝ፣ የተቃጠለው ቤት ሁሉ የኃጢአተኛ ነበር? የተረፈውስ ሁሉ የጻድቅ? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኮ ነው ልጁን አዝሎ የወጣው።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አጠገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ ደጉ እሱ ነበር። አፋቸውን ከፍተው «ሳትበድል አይቀርም» ማለት ሲጀምሩ ግን አጠፉት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አልነበረም። የተፈናቀለን ሰው «እምነትህ ቢጸና ኖሮ አትሸሽም ነበር» የምትሉም አላችሁ። በየዓመቱ የጽጌን ጾም የምንጾመው ምን ብለን ነው? እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰብን አይደለም? መሸሽ ክህደት ከሆነ ያ ስደት ምን ሊባል ነው?

«ታዲያ ቤቴን ከእሳት ካላዳነ ታማኝነቱ ምን ይረባኛል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በአሜን አይታለፍም። መልሱን ከኤርምያስ እንውሰድ። ኢየሩሳሌም ተከባለች፣ እሱ እስረኛ ነው፣ ከተማዋ እንደምትወድቅም ራሱ ተናግሯል። በዚያን ሰዓት የአጎቱ ልጅ መጥቶ የዓናቶትን መሬት ግዛኝ አለው። በ17 ሰቅል ብር ገዛ፣ ውሉንም በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ከተማዋ ከመቃጠል አልዳነችም። ግን እርሻ እንደገና የሚታረስበት ቀን እንዳለ አምኖ ገንዘቡን አወጣ። ተስፋው «ምንም አይደርስብህም» የሚል ሳይሆን «ክፉው የመጨረሻውን ቃል አይናገርም» የሚል ነበር።

ይህን እምነት ይፋት ያውቀዋል። ትናንት ተኩስ በሰማበት ማሳ ዛሬ ማሾ የሚዘራው የቀወት ገበሬ ከብዙ ሰባኪ በላይ ሰብኳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ተወኩል ሲሉ ግመልን ሳያስሩ መተኛት ማለታቸው አይደለም። ማሰርም መዝራትም የሰው ድርሻ ነው፤ የቀረው የእርሱ ነው።

ነገሩን ለምን እንዲህ አጠበቅሁት? «እግዚአብሔር ረስቶናል» ያለ ሰው እዚያ ላይ አይቆምም። ቀጥሎ «እንግዲያ የሚያድነኝ ጠመንጃዬ ብቻ ነው» ይላል፤ ከዚያ ጎረቤቱን ማመን ያቆማል። የሰንበቴ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን በአንድ ቦታ ያገበያየው መተማመን ስለነበረ ነው። እግዚአብሔርን ማመን ያቃተው ሕዝብ ሰውንም ማመን ያቅተዋል። እንግዲህ በርካሽ ስብከት የተጎዳን ሰው ተስፋ የምታስቆርጡ ሁሉ፣ የምታፈርሱት ይህንን ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» ማለት ትፈልጋለህ? በል። ነገር ግን መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድህ ጋ ደውልና ዘር እንዳለው ጠይቅ። ከሌለው የአንድ ቁና ማሾ ዋጋ ላክለት። ከዚያ በኋላ አሜን ብትል እሱም አብሮህ አሜን ይላል።