እርሷስ?

 

ውድ አንባቢ ሆይ! ዛሬ የማነሳብህ የሆድ ጉዳይ ነው። «ኡስታዝ ደግሞ መጻፊያ አጥቶ ስለ ጥብስና ስለ ክትፎ ሊያወራ ነው» ብለህ ገጹን ከማለፍህ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ከቤትህ ውጪ ምሳ በላህ? ከዚያስ ውስጥ ስንቱን ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር በላህ? መልሱን ለእኔ አትንገረኝ፤ ለራስህ ያዘው።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው። ሶዶ በሥጋዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከሃላሌም ሆነ ከበሌ ለጉዳይ የወጣ ሰው ሥጋ በዳጣ ሳይቀምስ ከተመለሰ ከተማ ገባሁ ለማለት ያፍራል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ይልቁንም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ ምግብ ቤቱም አብሮ በዝቷል። እኛ ሙስሊሞች እዚህ በቁጥር ጥቂት ስለሆንን የምንገባባቸው ቤቶችም ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት በመሆናቸውም ሁልጊዜ እንደተጨናነቁ ነው።

የጁሙዓ ሰላት እንዳበቃ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ግባ። የእጅ መታጠቢያው ዘንድ ሰልፍ ታገኛለህ። ጥብሱ በሸክላ ላይ እየተንጫጫ ይወጣል፤ ከወዲያ «ክትፎ የታለ?»፣ ከወዲህ «እንጀራ ጨምሩ!» ይባላል። መቀመጫ ፍለጋ ዓይንህን ስታዞር ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ በየጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ወንድ ነው። ሴት ፈልግ ብትባል አንዷን በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል፣ አንዷን ትሪ ተሸክማ፣ ሌላዋን ከኋላ ሳህን ስታጥብ ታያለህ። ወጡን ሴት ሠራችው፣ ሴት አቀረበችው፣ ዕቃውን ሴት አጠበችው። ልትበላ ብትመጣ ግን «ነውር ነው» ይባላል። ይህ ነውር ማን ያወጣው ነውር ነው?

ሃይማኖት ነው እንዳትለኝ። ኢማሙ ሙስሊም በሶሒሓቸው ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ታሪክ አስታውስ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት የሆነ አንድ ፋርሳዊ ነበር፤ በመረቅ አሠራሩ የታወቀ ሰው ነው። አንድ ቀን ለእርሳቸው ብሎ ሠራና ሊጠራቸው መጣ። እርሳቸውም ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እያመለከቱ እርሷስ ትጠራለች ወይ ብለው ጠየቁት። እርሷን አልጠራም አለ። እንግዲያስ እኔም አልመጣም አሉት። ተመልሶ መጣ፤ ያንኑ ጠየቁት፣ ያንኑ መለሰ፣ እርሳቸውም ያንኑ መለሱ። በሦስተኛው ጊዜ እሺ አለ። ያን ጊዜ ሁለቱም ተነሥተው ተከታትለው ወደ ሰውዬው ቤት ሄዱ። አንባቢ ሆይ! መረቁ የጣፈጠ ነበር፤ ጎረቤትም ያከብራል፤ ግብዣን መቀበልም ሱንና ነው። ይህ ሁሉ እያለ ያለ ባለቤታቸው አንሄድም አሉ። እኛ ደግሞ ጓደኛ በስልክ «የት ነህ? ና!» ሲለን ጫማችንን ሳናስር እንወጣለን። «እርሷስ?» ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ማን ነው?

ደግሞ ዓኢሻ ራሷ እንደተናገረችው፣ በወር አበባ ላይ ሆና እንኳ ሥጋ ያለበትን አጥንት ትግጥና ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትሰጣቸዋለች፤ እርሳቸውም የእርሷ አፍ ባረፈበት ላይ አፋቸውን አሳርፈው ይበሉ ነበር። ይህም በሶሒሕ ሙስሊም ያለ ነው። የእኛው አባወራ ግን ከጠገበ በኋላ የተረፈውን በወረቀት አስጠቅልሎ ለልጆቹ ይዞ ይገባል፤ ቤት ሲደርስም እንደ ትልቅ ስጦታ ያስረክባል። በነቢዩ ቤት አጥንቱ ከሚስት ወደ ባል ይሄድ ነበር፤ በእኛ ቤት ከጓደኛሞች ጠረጴዛ ተርፎ ይመጣል።

ሰበቦቹን አውቃቸዋለሁ፤ በየሻይ ቤቱ ሰምቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ቦታው ለሴት አይሆንም» የሚለው ነው። ለምን? «መጠጥ የሚቀርብበት፣ ጋጠወጥ የሚበዛበት ነው።» እሺ፣ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ዙሪያ እንዳይቀመጥ የተከለከለው በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ነው፤ ወንድ ሴት ሳይባል። ለባለቤትህ ያልሆነ ወንበር ለአንተ ሐላል የሚሆንበትን ኪታብ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ሥጋውም ቢሆን እንዲሁ። በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ መለየቱ የቆየ ልማድ ነው። ዑለማዎች ስለ ኪታብ ባለቤቶች እርድ ያደረጉትን ውይይት እዚህ አላነሳም፤ ቦታውም አይደለም። ነገር ግን በበሩ ላይ የተሳለ ጨረቃ አያርድም። ማን አረደው፣ የት ታረደ፣ የእኛ ሥጋ በተለየ ቢላዋና በተለየ ድስት ነው ወይ የሚሠራው ብሎ መጠየቅ የተመጋቢው መብት ነው፤ ጥያቄው ያስቆጣው ባለ ምግብ ቤት ካለ ቁጣው መልስ ነው። እንግዲህ ይህን ጥያቄ አንተ ለራስህ ጉሮሮ ስትል አጣርተህ ከጨረስክ፣ ልጆችህ እዚያው እንዳይበሉ የከለከላቸው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሰበብ ገንዘብ ነው። ኑሮው እንደከበደ እኔም አውቃለሁ፤ የመድረሳ አስተማሪ ኑሮ መወደዱን ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም። ለዕለት ጉርስ የሚታገለው ወንድሜ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። የምናገረው ስድስት ሆነው ሁለት ኪሎ ሥጋ ለሚያዝዙት ነው። ሒሳብ ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃለህ። አንዱ «ወላሂ እኔ ነኝ የምከፍለው» ይላል፤ ሌላው «ወላሂ አትከፍልም» ብሎ እጁን ይይዘዋል፤ አስተናጋጇ በሁለት መሐላ መካከል ቆማ ትጠብቃለች። ያ ሁሉ ወላሂ ለአንድ ቀን ምሳ! ያው ሰው ልጁ «አባ፣ እኛንም ውሰደን» ስትለው «ገንዘብ የለም» ይላል። በአላህ መንገድ፣ ባሪያ ነፃ ለማውጣት፣ ለድሃ፣ ለቤተሰብም ከሚሰጥ ገንዘብ ምንዳው ትልቁ ለቤተሰብ የወጣው መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ስለዚህ ጓደኛን መጋበዝ ተው አልልህም፤ ከአራቱ ግብዣ አንዱን ወደ ቤትህ አዙረው ነው የምልህ።

ሦስተኛው «እርሷ ራሷ አትፈልግም» የሚለው ነው። መቼ ጠየቅሃት? አንድ ጊዜ፣ ያውም ከበሩ ላይ ቆመህ፣ እንቢ እንድትል በሚጋብዝ ድምፅ። ልጅ ማልበሱ፣ ሕፃን ማዘሉ፣ ስትመለስ የሚጠብቃት ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ እንደሆነ እያወቀች ምን ትበል? ፋርሳዊው ጎረቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አንተም ተመላለስ፤ ሕፃኑንም አንተ ያዝ።

የሱረቱ ኑርን 61ኛ አንቀጽ የሚጠቅስብኝም አለ፤ አንድ ላይም ሆነ ተለያይቶ መብላት ኃጢአት የለበትም ይላል። ልክ ነው። ለብቻህ በመብላትህ ሐራም ሠራህ አላልኩም፤ ሐላሉን ሐራም ማድረግ የእኔም የማንም ሥልጣን አይደለም። የምከራከረው ይህንኑ ፈቃድ ለራሱ ብቻ ከወሰደና ቤተሰቡን በባህል አጥር ውስጥ አስቀርቶ አጥሩን ሸሪዓ ብሎ ከሚጠራው ጋር ነው።

ባህሉም ቢሆን የዘላለም አይደለም። በገንዘብ ምግብ መብላት ራሱ በአገራችን ለወንዱም ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላት አፍሮ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው እንዳሳዩ ይነገራል። ግሪኮችና አርመኖች በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የምግብ ቤትና የግሮሰሪ ሥራን አስፋፉ፤ የየመን ዐረቦችም በየከተማው ሱቅ ከፈቱ፤ እኛም ሻዩን፣ ፉሉን፣ ሳምቡሳውን ይዘን ገባንበት። ነውሩ ቀስ በቀስ ከወንዱ ላይ ተነሣ፤ ከሴቷ ላይ ግን ሳይነሣ ቀረ። ያን በር በአዲስ አበባ የከፈቱት ደግሞ ሴት ነበሩ!

በመድረሳችን የአመጋገብ ሥርዓት ሳስተምር፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሕፃኑ ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ቢስሚላህ ብሎ፣ በቀኙ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ እንዴት እንዳስተማሩት እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ እጇን አወጣችና «ኡስታዝ፣ ምግብ ቤትም ቢስሚላህ ይባላል?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ምግብ ቤት ገብቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ አልኩ። ከወንዶቹ ሰባት ስምንት እጅ ወጣ። ከሴቶቹ አንድም አልወጣም። ዑመር ያን ትምህርት ያገኘው ከረሱል ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ እጁ በትሪው ላይ ሲንከራተት ታይቶ ነው፤ እኔ ግን ለእነዚህ ልጆች ማዕድ በሌለበት ክፍል ውስጥ በጠመኔ እያስተማርኩ ነው።

እናንተም ባለ ምግብ ቤቶች፣ አትሸሸጉ። «የቤተሰብ ክፍል» እያላችሁ ከሽንት ቤቱ ጎን፣ መስኮት የሌለው፣ በወፍራም መጋረጃ የተዘጋ ጥግ አትስጡን። ያ ለእንግዳ አይሆንም። ብርሃን ያለበት፣ ከመንገደኛ ዓይን ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ፣ ሕፃን የሚደርስበት የእጅ መታጠቢያ፣ ሴቶች ዙህራቸውን የሚሰግዱባት ሁለት ምንጣፍ የምትዘረጋ ቦታ ይበቃል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለማይበላ ልጅም አንድ ነገር ይኑራችሁ፤ ከአባያ የሚመጣው ዓሣ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ቦዬና ጎደሬው በደጃችን ይበቅላል።

በዒድ ቀን ሐበሾች፣ የእኛው አገር ሰዎች፣ በመዲናው መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻን ከትከሻቸው ኋላ አቁመው፣ እርሷ በቃኝ እስክትል ድረስ አሳይተዋታል። አልቸኮሉም፤ ወደ ቤት ግቢ አላሏትም። መጪው ዒድ ሲደርስ በሶዶ ሰላቱ አልቆ ወንዱ በየምግብ ቤቱ በር ሲሰለፍ፣ እስቲ ከፊትህ ያለውን ሰው ትከሻውን ነካ አድርገህ ጠይቀው፤ እርሷስ?