የቁማር ማሽኑን ጭኖ ያመጣውም ይጠየቅ



እዚህ ቨርጂኒያ ነዳጅ ማደያና የሰፈር ሱቅ የሚያሠሩ ወገኖቻችን ስለ ቁማር ማሽን ሲከራከሩ የሚያነሱት የስቴቱን ሕግ ብቻ ነው። ክርክሩ መጀመር ያለበት ግን ማሽኑ በጭነት መኪና የስቴት ድንበር ሲሻገር ነው እላለሁ።

በኮሎራዶው ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን ስም የሚጠራው የእ.ኤ.አ. 1951 የፌዴራል ሕግ፣ ተቀባዩ ስቴት በራሱ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የቁማር ማሽን ወደዚያ ማጓጓዝን ይከለክላል። በንግዱ የተሰማራ ሰው በየዓመቱ መመዝገብ አለበት፤ በእያንዳንዱ ማሽን ላይም መለያ ቁጥር፣ የአምራቹ ስምና የተሠራበት ቀን በማይነቀል መልኩ መኖር አለበት። ሕጉ የጣሰውን እስከ 5,000 ዶላርና እስከ 2 ዓመት እስራት ይቀጣል፤ ማሽኑም ይወረሳል።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 እነዚህን ማሽኖች ለአንድ ዓመት ፈቅዳ ከእያንዳንዱ በወር 1,200 ዶላር ቀረጥ ሰበሰበች፤ በ2021 ከለከለች። ክልከላው በፍርድ ቤት ታግዶ ቆይቶ በ2023 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እግዱን አነሳ። በስቴቱ ሕግ የተቀመጠው ቅጣት በአንድ ማሽን እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል። ይህን ያህል ገንዘብ የአንድን ትንሽ ሱቅ በር ለዘለቄታው ያዘጋል።

አቅራቢዎች ማሽኑን «የችሎታ ጨዋታ» ይሉታል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ባለ 20 ዶላር ኖት እያከታተለ የሚያጎርሰውን ሰው ያየ ሁሉ ግን ዕድል እየሞከረ መሆኑን ያውቃል። አቅራቢው መጥቶ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ድርሻውን ቆጥሮ ይሄዳል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚገኘው ባለሱቁ ብቻ ነው።

ኪራይ መናሩን አውቃለሁ፤ ብዙዎች ማሽኑን ያስገቡት ወጪ ለመሸፈን ነው። ሆኖም ያ ገንዘብ የሚወጣው ከደንበኞቻችን የወር ደመወዝ፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነው።

ስለዚህ የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ከሱቁ ይልቅ በአጓጓዡና በአከፋፋዩ ይጀምር። ኮንግረስም «ችሎታ» የሚለው ስም ማምለጫ እንዳይሆን የቁማር ማሽንን ትርጓሜ ያጥብቅ። የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን ሕጉን በአማርኛ ያስረዱ። ባለሱቆችም ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአቅራቢውን የምዝገባ ማስረጃ ጠይቁ፤ ማሽኑ ላይ ያለውን መለያ ቁጥርም በዓይናችሁ እዩ። ማሳየት ካልቻለ አታስገቡት።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ