ጥቅሻና ስልት አንድ አይደሉም

«ያልተለመደ ስልት ካልተከለከለ ጨዋታ ይበላሻል» የሚል አባባል አለ። ፍትሕ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ፒያሳ በየበረንዳው በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱት ግን ይህ አያስጨንቃቸውም። ሕጉን አስቀድመው ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ሁሉም በሚችለው ይጫወታል።

አባባሉ መመሪያ ሆኖ የተጻፈው ብሪጅ በተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። አራት ሰው ሁለት ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ባለው ጨረታ ጓደኛሞቹ ስለ እጃቸው መነጋገር የሚችሉት በጥሪ ብቻ ነው፤ የተፈቀዱላቸውም 15 ቃላት ናቸው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የጥሪ ስልቶቹን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ እያለ ይመድባል። በፖላንድ ያደገው፣ ገና በመክፈቻው «ፓስ» ማለት ጠንካራ እጅ አለኝ ማለት የሆነበት ስልት ከቢጫው ይመደባል፤ በፌዴሬሽኑ ውድድሮች ከትልልቆቹ በቀር ቦታ የለውም።

ጥፋቱ ምንድን ነው? ጥቅሻ ቢሆን ይገባኛል። ጥቅሻ ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነውና፣ የብሪጅ ሕግም የተደበቀ ስምምነትን መከልከሉ ልክ ነው። ትርጉሙ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ተጋጣሚ ጠይቆ የተረዳው ጥሪ ግን ምኑ ጥቅሻ ነው? የከልካዮቹ ትልቁ ስሕተት ድብቁንና እንግዳውን በአንድ ዓይን ማየታቸው ነው።

የእኛን አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ እንመልከት። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ጽፎለታል። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ አሰላለፉን ይቀይራል፤ ያም መልሶ ይቀይራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። ለውጭ ሰው ትርምስ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት ከየት ይመጣል? የፈለግከውን አሰላለፍ አምጣ፣ ግን ባላጋራህ እያየ ነው የምታመጣው። እንግዳ አሰላለፍ የገጠመው ሰው አቤት የሚልበት ዳኛ አያስፈልገውም፤ መልሱን እዚያው ሰሌዳው ላይ ይሰጣል።

ሰንጠረዥ ልጓም አልነበረውም ማለትም አይደለም። ልጓሙ የተበጀው ለአሸናፊው ነበር። ሠራዊቱ ያለቀበትን፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም ነበር። በኃያሉ ጠጠር ከመርታት ይልቅ በደካማው መርታት ይበልጥ ያስመሰግን ነበር። አባቶቻችን አጀማመሩን ለቀቅ፣ አጨራረሱን ጠበቅ አድርገውታል። ብሪጅ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገና አፍ ሳይከፈት ይከለክላል።

«ብሪጅ ላይ እኮ ካርታው ተሸፍኗል፣ ከአንድ ጥንድ ጋር የሚጫወቱትም ለጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ እንግዳ ስልት ማን ያጠናል?» ይሉኛል። ስልቱን ቀደም ብሎ ማሳወቅ፣ መከላከያውንም ጽፎ ጠረጴዛ ላይ እያዩ መጫወት መፍቀድ ነዋ! ይህ አሠራር ለአንዳንድ ስልቶች ዛሬም አለ። ለሁሉም የማይሆንበት ምክንያት የለም፤ ካለም ስንፍና ነው።

እንደኔ ከሆነ የቀለም ምደባው ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ፤ የማሳወቅ ግዴታው ብቻ በቂ ነው። ሰንጠረዥን መልሰን ውድድር እናድርገው ለምትሉም አንድ ልመና አለኝ፦ ለዳኝነት እንዲመች ብላችሁ ወረራውን አትቁረጡት።