በአሮጌው ዋጋ የገባ ዘይት፦ ክርስቲያን ባለሱቅና የዋጋ ንረት



በአገራችን ኑሮ በተወደደ ቁጥር ጣት ቶሎ የሚቀሰረው በሰፈር ባለሱቅ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜም ይህንኑ አይተናል። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን «ያለ አግባብ ዋጋ ጨምራችኋል፣ ሸቀጥ ደብቃችኋል» ተብለው በርካታ ሱቆች ታሸጉ።

ከባለሱቆች መካከል በየጉባኤያችን የሚያመልኩ፣ አሥራት የሚያወጡ፣ ልጆቻቸውን በዚያችው ሱቅ ገቢ የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ወገኖች አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ከመድረክ ግን መልስ ሲሰጥበት እምብዛም አይሰማም። «በአሮጌው ዋጋ ያስገባሁትን ዘይት በአዲሱ ዋጋ ብሸጥ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» የሚል ነው። እስቲ አብረን እንመርምረው።

ጉዳዩ ከባሌ ሲታይ

የሮቤና የጎባ ዙሪያ፣ በተለይም ሲናና፣ በስንዴው የታወቀ ደጋ ነው። የባለሱቁ መደርደሪያ ግን በስንዴ ብቻ አይሞላም። የምግብ ዘይቱ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ስኳሩም ሳሙናውም ከሩቅ ተጭኖ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለሚወርደው ዕቃ ደግሞ ሌላ የመኪና ኪራይ ይከፈልበታል። ዶላር ሲወደድና ነዳጅ ሲጨምር አስመጪው፣ ጅምላ አከፋፋዩና ባለመኪናው ሁሉም የየድርሻቸውን ይጨምራሉ። ለደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ ዋጋውን የሚናገረው ግን ባለሱቁ ብቻ ነው።

በዚያው አካባቢ ሌላም ዓይነት የዋጋ ጭማሪ ሊመጣ ይችላል። በዓረፋ ሰሞን ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም ስፍራዎች በርካታ ሙስሊም ወገኖች ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ይጓዛሉ። ደክሞትና ተጠምቶ የመጣ መንገደኛ ሱቅ የማማረጥ አቅም የለውም። ባለሱቁ ያንን አይቶ የውኃውን ዋጋ እጥፍ ቢያደርግ አከፋፋዩ ስለጨመረበት አይደለም፤ ሰውየው ስለተቸገረ ነው። እነዚህ ሁለት ጭማሪዎች በደንበኛው ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን አንድ አይደሉም።

ሒሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ አሥር ጀሪካን ዘይት እያንዳንዱን በ800 ብር ገዛ እንበል። የወጣበት 8,000 ብር ነው። በ850 ቢሸጠው 8,500 ብር ይገባዋል፤ 500 ብር አተረፈ ማለት ነው። ሊተካ ወደ አከፋፋዩ ሲሄድ ግን ዋጋው 1,200 ሆኖ ይጠብቀዋል። በእጁ ያለው ገንዘብ የሚገዛለት ሰባት ጀሪካን ነው። በደብተሩ ላይ አትርፏል፤ በመደርደሪያው ላይ ግን ሦስት ጀሪካን አጥቷል። የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ቀለብ ገና አላነሣንም። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ሱቁ ይዘጋል፤ ሰፈሩም ሱቅ አልባ ይሆናል።

ስለዚህ ዕቃውን መልሶ ለመግዛት በሚያስችል ዋጋ መሸጥ በራሱ ስስት አይደለም። በሱቁ የሚተዳደረውን ቤተሰብ በሕይወት ማቆየት ነው። ይህን ሳይገነዘብ ባለሱቁን ሁሉ «አጭበርባሪ» ብሎ የሚጠራ ሰባኪ በድሃው ስም ሌላ ድሃ እየበደለ ነው።

መጽሐፍ የሚያወግዘው ምንን ነው?

በምሳሌ 11፥26 ላይ የሕዝብ እርግማን የሚወርድበት ሰው እህሉን ይዞ ያስቀረው ነው፤ ለሕዝብ አውጥቶ የሚሸጠው ግን በረከት ተነግሮለታል። አሞጽ (8፥5) የተቆጣው ሰንበት እስኪያልፍ በሚቸኩሉ፣ መስፈሪያ በሚያሳንሱና ሚዛን በሚያዛቡ ነጋዴዎች ላይ ነው። ዮሴፍ እህል አከማችቷል (ዘፍ. 41)፤ ራብ ሲመጣ ግን ጎተራውን ከፈተ። ልዩነቱ ያለው በችግር ቀን ጎተራን በመክፈትና በመዝጋት መካከል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 813/2006) ሸቀጥ መደበቅን ሲከለክልና ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ ሲያዝ ከዚህ ትምህርት የራቀ ነገር አላዘዘም።

እንግዲህ ባለሱቅ የሆንህ ወንድሜ፣ ባለሱቅ የሆንሽ እኅቴ፣ ራሳችንን በሦስት ነገር እንፈትን።

አንደኛ፣ መደርደሪያው። ከኋላ ክፍል ዘይት ተከምሮ ለደንበኛ «አልቋል» ማለት ውሸትም ስርቆትም ነው። ነገ የሚጨምረውን ዋጋ እየጠበቅን ዛሬ የሚራበውን ሰው አንመልስ።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ። ኪሎው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ለጎረቤቱም ለመንገደኛውም አንድ ይሁን። ዋጋውም እንዲሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነበሩ ኩዌከር የተባሉ አማኝ ነጋዴዎች ክርክርን ትተው ለሁሉም አንድ ዋጋ በመናገራቸው ይታወቁ ነበር። ሰዎች ሕፃን ልጅ ልከው እንኳ እንደማይታለልባቸው ስላወቁ ወደ እነርሱ ጎረፉ። በእኛም አገር ወደ ሱቅ የሚላከው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ያ ልጅ መልሱን በትክክል ይዞ መመለሱ ለቤተሰቡ ስብከት ነው።

ሦስተኛ፣ ምክንያቱ። የጨመርኸውን ብር አከፋፋዩ በሰጠህ ደረሰኝ ማስረዳት ትችላለህን? ዘይት ስለጨመረ ብቻ ገና ትናንት ከሲናና ገበሬ በድሮው ዋጋ የገዛኸውንና የሚተካው ዋጋ ያልተነካውን ስንዴ ዛሬ ጠዋት ከጨመርህ፣ ምክንያትህ ሌላው መጨመሩ ብቻ ነው። ይህ መተኪያ ፍለጋ አይደለም፤ በግርግር መጠቀም ነው።

ዱቤና ደንበኛው

ደንበኞችም ከፍርድ ነፃ አይደለንም። ብር በሚረክስበት ጊዜ የዱቤ ደብተር የባለሱቁን ካፒታል ይበላል። በሐምሌ የተወሰደ የ2,000 ብር ዕቃ በጥቅምት ሲከፈል ያንኑ ያህል ዕቃ አይተካም። ሆኖም ወር የማያደርስ ደመወዝ ላለው መምህርና ለባልቴቲቱ ዱቤ ሕይወት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ጭራሽ ከሚከለክል ይልቅ መጠኑን ቢወስን፣ ለዱቄት፣ ለዘይትና ለሳሙና ብቻ ቢሰጥ፣ ቀኑንም ቢያሳጥር ይሻላል። እኛ ደግሞ በወንድምነት ስም ወስደን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስናገኘው ፊታችንን አናዙር። የማንንም ዕዳ እንዳንይዝ ሐዋርያው አዝዞናል (ሮሜ 13፥8)።

ደብተሩ ለሌላም ይጠቅማል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በቀን ገቢ ግምት ምክንያት በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ብዙ ሱቆች በተቃውሞ ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። ገማቾቹ አበዙብን የሚለው ቅሬታ በብዙ ቦታ ተሰምቷል። ነገር ግን የዕለት ሽያጩን በታማኝነት ያልመዘገበ ነጋዴ ግምቱን በምን ማስረጃ ይከራከረዋል?

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

ውድድሩም እየጠነከረ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካርፉር የሚድሮክ ከሆነው ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር ወደ አገራችን ለመግባት ተስማማ። የሰፈር ሱቅ በብዛት ገዝቶ በርካሽ በመሸጥ እነዚህን ሊያሸንፍ አይችልም። የእርሱ ሀብት ደንበኛውን በስሙ ማወቁ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ቀድቶ መሸጡና መታመኑ ነው። መታመኑን ካጣ ግን ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ አገልጋዮች ሆይ፣ ባለሱቁን ለሕንፃ ማሠሪያ ቃል ሲገባ ብቻ አናስታውሰው። የሱቁን መስፋት የመባረክ፣ የሱቁን መጥበብ የእምነት ማነስ ምልክት አድርገን አናስተምር፤ ሚዛኑን ጠብቆ ካፒታሉ የቀነሰበት ወንድም በመካከላችን ሊኖር ይችላል። የሒሳብ አያያዝ የሚያውቁ ምእመናን ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምሯቸው። አምስት ስድስት ባለሱቆች ገንዘባቸውን አቀናጅተው ከጅምላ አከፋፋይ በአንድ መኪና ቢያስጭኑ የኪራዩ ወጪ ይቀላል። በእቁብ መተማመንን የለመደ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

እንደ ባሌ ባለ አካባቢ አብዛኛው ደንበኛ ሙስሊም ነው። ወደ ጉባኤያችን ላይመጣ ይችላል፤ ወደ ሱቃችን ግን በየቀኑ ይመጣል። ስለ ጌታችን የሚሰማውን ከመስማቱ በፊት ሚዛናችንን ያያል።

ጌታ ባለሱቆቻችንን ይባርክ፤ ለሁላችንም ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።