አፍንጫን ይዞ ማለፍ መፍትሔ አይደለም



ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ መጻፍ ነውር ነው የሚል ቢኖር ይህን ገጽ ይለፈው። እኛ ነውር የምንለው ግን መጻፉን ሳይሆን ዝምታውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የተማርነው ክፍል ግን ይህን በሽታ ከመደበቅ ሌላ ምን ሠራን?

ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ተዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሸተን መስኮት ዘጋን፣ ሽቶ ረጨን፣ ቀልድም ቀለድን። በአራተኛው ቀን በዕድሜ የገፉ አንድ ሠራተኛ መጡ። የማንሆሉን ክዳን በብረት ፈልቅቀው ጎንበስ ብለው ካሸተቱ በኋላ፣ «አሁንስ ሽታው ጠፍቷል፣ ልጆቼ» ብለው ያለ ገመድ፣ ያለ ጭምብል፣ ያለ መለኪያ ወረዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና ወጡ። እኛ ግን መሐረባችንን በአፍንጫችን ላይ አድርገን ቆመን ስናይ ነበር።

ለመሆኑ እኛ አላወቅንም ኖሯል? እናውቅ ነበር! የገማ ዕንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ተፈትነናል፣ አልፈናል። ከአየር እንደሚከብድና በጉድጓድ ውስጥ እንደሚተኛ በደብተራችን ጽፈናል። ይህ ጋዝ ከሚሊዮን እጅ አየር አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ አፍንጫ ያውቀዋል። ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አፍንጫን ያደነዝዘዋል፤ ሰውየውም ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከ500 ሲያልፍ ራስን ያስታል፤ 1000 ሲደርስ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። እንግዲህ «ሽታው ጠፍቷል» የሚለው ቃል የደኅንነት ምልክት ሳይሆን የሞት ደጃፍ ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቅን ዝም ማለታችን ምን ይባላል?

መከራውም በአንድ ሰው አያበቃም። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፤ እሱም በላዩ ይወድቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ዝግ ሥፍራዎች ከሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ እንደ ነበሩ ገልጿል። በጎነት ያለ ዕውቀት ሬሳ ይጨምራል ማለት ነው።

አንዳንዶች «ክዳኑን አጥብቆ መግጠም ነው፤ ሽቶም መርጨት ነው» ይላሉ። ይህ ሽታን መደበቅ እንጂ መቆጣጠር አይደለም። ፍሳሹ በቱቦ ውስጥ ሲዘገይ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ያልቃል። በቱቦው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው አተላ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል። ውኃው በሚናወጥበት ቦታ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል፤ እርጥብ በሆነው የቱቦው ጣሪያ ላይ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀይሩታል። ይህን የባክቴሪያ ሥራ ፓርከር የተባለ አውስትራሊያዊ ከሜልቦርን ቱቦዎች እ.ኤ.አ. በ1945 አሳይቷል። አሲዱም ኮንክሪቱን ይበላዋል። ክዳን የሚገጥመው ሰው ሽታውን ከአፍንጫው ቢያርቅም፣ በስንት ገንዘብ የተሠራውን ቱቦ ከውስጥ እያስበላ፣ ለሚወርደውም ሠራተኛ መርዝ እያጠራቀመ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሐሰት ነው! የመጀመሪያው መድኃኒት ተዳፋት ነው። ፍሳሹ በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፈጠነ ደለሉን ጠርጎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት፤ አየሯም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋዙ እንደ ቆላ ከተማ አይፈጥንም። ተፈጥሮ የሰጠችንን ዕድል በደለልና በተጣለ ላስቲክ የምንዘጋው እኛው ነን። ቱቦውን በወቅቱ መጥረግ፣ ፍሳሹን በፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ሰዓት አለማቆየት፣ አየር ማስገባት የባዕድ ምሥጢር አይደለም። ይህ ካልበቃ ሰልፋይዱን የሚይዝ የብረት ጨው ወይም ባክቴሪያዎቹን ከሰልፌት የሚያዘናጋ ናይትሬት ይጨመራል፤ የሚወጣውም አየር በብስባሽ አፈር ውስጥ አልፎ ይጣራል። ብዙው የከተማችን ነዋሪ የሚጠቀምበት የሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክም ያንኑ ጋዝ ስለሚያፈልቅ ነገሩ የእያንዳንዱ ግቢ ጉዳይ ነው።

የለንደን ታሪክ ይመስክር። ኮሌራ እ.ኤ.አ. በ1849 እና በ1854 በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈጅ ትልቁ ሥራ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1858 የበጋ ወራት የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማው ድረስ ሲገባ ግን፣ መጋረጃ በኖራ መድኃኒት ነክረው የተቀመጡት እንደራሴዎች ሕጉን በጥቂት ሳምንት አወጡት፤ መሐንዲሱ ባዛልጌትም ታላላቅ ቦዮቹን ሠራ። እኛስ የምንጠብቀው ሽታው የማንን መስኮት እስኪያንኳኳ ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦

፩ኛ/ በግቢያችን አየሩ በመለኪያ ሳይለካ፣ ንጹሕ አየር ሳይነፋበት፣ ሠራተኛው በገመድ ሳይታሰርና ከላይ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ማንም ወደ ማንሆል እንዳይወርድ፤

፪ኛ/ ቱቦዎቹ እስኪዘጉ ሳይጠበቅ በየጊዜው እንዲጠረጉ፤

፫ኛ/ የኬሚስትሪና የምሕንድስና መምህሮቻችን ይህን ጋዝ ከሰሌዳው ላይ አውርደው እኛን ይዘው ቱቦው ዘንድ እንዲመጡ፤

፬ኛ/ ማኅበራችን ለጭፈራ ምሽት ከሚያወጣው ገንዘብ ቀንሶ የመጀመሪያውን መለኪያ እንዲገዛ።

እኒያ አባት ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ቢያንስ «አባባ፣ አፍንጫዎን አይመኑ፤ ይቆዩ» የሚል አንድ ተማሪ ይኑር። አፍንጫችንን የያዝንበት እጅ ለሥራ ይፈታ!