ለቅመን ያቆየነው ድንጋይ

ላሪ የስት እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው «ሎተሪ» የተሰኘ ፊልም ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መነሻው ሸርሊ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመችው አጭር ልቦለድ ነው። ጭራቅ የለበት፣ ጨለማ የለበት። በጠራራ ፀሐይ አንድ መንደር ተሰብስቦ ከአሮጌ ጥቁር ሣጥን ዕጣ ያወጣል። እኛ ዕጣ ሲባል ትዝ የሚለን ዕቁብ ነው፤ የደረሰው ይመረቃል። እዚያ ግን ዕጣ የወጣባትን እናት ጎረቤቶቿ ይወግሯታል። ሌላው መንደር ይህን ወግ ሊተው ነው ሲባል አንድ አዛውንት ይቆጣሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ መጀመሪያው ነው። ልጆች አስቀድመው ድንጋይ ይለቅማሉ። እኔም ለቅሜያለሁ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ባደግሁበት መንደር፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ቀጥቃጭ ከሸክላ ሠሪ ሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ከብት ስንጠብቅ «ቡዳ!» እያልን በቤታቸው ላይ ወርውረን እንሮጣለን። የገሠጸን የለም። ለድኻ እጇ የማያጥረው እናቴ፣ ሴትዮዋ ስታልፍ የምበላውን እንጀራ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። የጋገረችበት ምጣድ የዚያችው ሴት ሥራ ነው። የአባቴን ማረሻ የሠራው ባሏ ነው።

አፄ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሙያው የሚሰድብ እንዲታሰር ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክ ስለ ቡዳ እምነት ሲጽፍ፣ ያው ስድብ እንዳለ ነበር።

ወግ ሁሉ ይጣል አልልም። የጓሣን የሣር ምድር ለዘመናት የጠበቀው፣ ቄሮ የሚባለው የአጠባበቅ ሥርዓት የመንዝ ወግ ነበር። ሣሩ ለምን ለዓመታት ይዘጋ ነበር ብትሉ መልስ አለው፤ እንዳያልቅ። ቀጥቃጭ ለምን ቡዳ ይባላል ብትሉ ግን «አባቶቻችን ሲሉ ሰምተን» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። የልጁ አያት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ተነሣና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ድንጋይ ይልቅ ያ ዝምታዬ ይቆጨኛል።

የአገሬ ሽማግሌዎች፣ በመጪው ጥር ለጋብቻ ስትቀመጡ የልጁን ጠባይ ጠይቁ፣ ሥራውን ጠይቁ። አያቱ ብረት ቀጥቅጠው እንደሆነ ግን እባካችሁ አትጠይቁ።